ባለዕዳ የሌለው ሶሪ

ሞያሌ፣ ኬንያ ውስጥ መደናቀፍ ዘመድ ያበዛል። መኪና እዚያ በግራ እንደሚነዳ ዘንግቼ በልማዴ ግራዬን ሳይ እግሬ ድንጋይ መታ። ሻይ ሻጯ «ሶሪ!» አለች። ሞተር ላይ የተቀመጠው ጎረምሳ «ሶሪ!» አለ። ሚራ የሚሉትን ጫት እያኘኩ የሚያልፉ አንድ አዛውንት ሳይቀሩ «ሶሪ፣ ሶሪ!» አሉ።

እኛ ዘንድ ሶሪ የሚለው አጥፊው ነው። ታክሲ ውስጥ እግርህን ይረግጥና ሶሪ ብሎ ሒሳቡን ዘግቶ ይወርዳል። ታዲያ ድንጋዩን ያስቀመጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው? በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ ኬላ ፓስፖርትና ጭነት ይፈትሻል፤ ቃል ግን ሳይፈተሽ ይሻገራል።

ነገሩን ያፍታታልኝ እዚያው እንግሊዝኛ የሚያስተምር የቦረና ወዳጄ ነው። «ሶሪ እኮ ቅጽል ነው» አለኝ። «የልብን ሁኔታ ይገልጻል እንጂ ማን እንዳጠፋ አይናገርም።» በስዋሂሊ ለተደናቀፈም፣ ለታመመም፣ ሐዘን ለደረሰበትም «ፖሌ» ይባላል፤ ኬንያውያን ለፖሌ የእንግሊዝ ካፖርት ሲያለብሷት ሶሪ ሆነች። ጥንተ ነገሩም ለእነሱ ያደላል፤ ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሕመም ከሚል ሥር የወጣ ነው።

ደግሞስ እኛ ማንን እንታዘባለን? የማናውቀው ሰው ሲወድቅ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» የምንል ነን። (ቃሉን ጠብቆ የተደፋ ግን እስካሁን አላየሁም።) ይቅርታ ላይ ስንደርስ ነው የምንከብደው፤ በወጉ ከሆነ ሽማግሌ መላክ፣ ድንጋይ መሸከም፣ እግር ላይ መውደቅ አለ። ሶሪ አዲስ አበባ ላይ የተወደደችው ድንጋይ ስለማታሸክም ይመስለኛል።

«ከስም ፊት ስትቆም ደግሞ ጠባይዋ ይለወጣል» አለ ወዳጄ፤ «ማዘኑ ይቀርና የሚታዘንለት ይሆናል።» ምሳሌ ሲፈልግ፣ በኢሲዮሎ መንገድ አንድ መብራቱ የጠፋ፣ በሩ በገመድ የታሰረ የጭነት መኪና እያነከሰ መጣ። «ሶሪ ሎሪ!» አለ፣ ቤት ስለመታለት በራሱ እየሳቀ።

ሎሪው የተኛውን የዝናብ ውኃ ሰንጥቆት አለፈ። ነጭ ሸሚዜ ቡናማ ሆነ። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሶሪ!» አለኝ። እንደ አዲስ አበባ አጥፍቻለሁ ማለቱ ነው ወይስ እንደ ሞያሌ አዘንኩልህ? መምህሩን ዞሬ ጠየቅሁት። ከጭቃው የተረፈች ክራቫቱን ሲመረምር ቆየና «ሶሪ» ብሎኝ አረፈው።