ስንት ሊትር ይሰጣል?

ሆለታ ላይ እንስሳ ማለት የሚታለብ ነው። የግብርና ምርምር ማዕከሉ የቦረናን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ሲያዳቅል ዘመናት አስቆጥሯል፤ ንብ እንኳ የራሷ የምርምር ማዕከል አላት። እንዲህ ባለ ከተማ ልጅ «እንስሳት ነው የማጠናው» ሲል የማይመርቀው የለም። የዱር መሆናቸው እስኪሰማ ድረስ።

«የትኛውን እንስሳ?» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ፣ ከወንዶ ገነት ለእረፍት ስመጣ።

«ጅብ።»

«ስንት ሊትር ይሰጣል?»

እናቴ ልታድነኝ «ሐኪሙ ሊሆን ነው» አለች።

«አያ ጅቦ ደግሞ መቼ ታሞ ያውቃል?»

እውነቱን መናገር ከዚያም የከፋ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከመናገሻ ሱባ ጫካ ዳር የምለቅመው የጅብ ዓይነ ምድር ነው። ጅብ አጥንት ስለሚያደቅ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ይነጣል። ጸጉር ግን ሆዱ አይፈጨውም፤ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የበግ ይሁን የአህያ ይለያል። ናሙናዬን ጓሮ ያሰጣሁ ዕለት እናቴ በርበሬዋን ጠቅልላ ቤት አስገባች።

ክብሬን ለማስመለስ ለእትዬ አንድ ታላቅ ጥናት ተረኩላቸው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ሥጋ ቤት ሲዘጋ፣ የሚጣል ሲጠፋ፣ የትግራይ ጅብ ወደ አህያ ዞረ። ከጾሙ በፊት በዓይነ ምድሩ 14.8 በመቶ የነበረው የአህያ ጸጉር በጾሙ 33.1 በመቶ ገባ።

«እኛ ስንጾም አህያ ይበላል ማለት ነው፤ ጅብ አጠናለሁ ያለ የሚያጠናው ሰውን ነው» ብዬ ደመደምኩ።

«እኔ በሁዳዴ አህያዬን በጊዜ የማስገባው ለምን ይመስልሃል? ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንህ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

«ቆይ ልጄ፣ በጾም የበግ ጸጉር ቢገኝበትስ?»

«አንዱ ቤት በግ ታርዷል ማለት ነው።»

«የማን ቤት እንደሆነ ያ መሣሪያህ ያሳያል?»

«የበጉን እንጂ የበላተኛውን አያሳይም።»

«የማይረባ ትምህርት!» ብለው ተነሡ።

ወሬው ግን የመልሴን መጨረሻ ሳይሰማ ነው ሰፈር የዞረው። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሁለት ጎረቤቶቻችን ከመሸ በኋላ ጓሯቸውን በዶማ ሲቆፍሩ ታዩ፤ ዘር የሚዘራበት ወቅት ግን አልነበረም።