የት አረፋችሁ?

አገሩ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ ኑሮው አዲስ አበባ የሆነ ሰው ለበዓል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እንዴት ናችሁ?» አይደለም። «የት አረፋችሁ?» ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ስፈልግ ዕድሜዬን ጨረስኩ። «ደሴ፣ ሆቴል» ብትል ቤት እያለህ በገዛ ገንዘብህ እንግዳ ሆነሃል። «ኮምቦልቻ» ብትል ጭራሽ አገር ቀይረሃል። «እዚሁ አክስቴ ጋ» ብትል፣ አክስትህ ልጆቿን መሬት አስተኝታ አልጋዋን ለሚስትህ እንደለቀቀች መንደሩ በሙሉ ያውቃል። አንተም ታውቃለህና ጣራ ጣራውን እያየህ ታነጋለህ።

ለመስቀል የመጣን ጊዜ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነበርን። ትምህርት ገና ደብተር ከመሸፈን ያላለፈበት ሳምንት ነው። ቀን ቀን ቦሩ ሜዳ ዘመድ ጋ እንውላለን፣ ማታ ማታ ከተማ ወርደን ሆቴል እናድራለን፣ አራት ሌሊት፣ አለቀ ደቀቀ ብለን ተስማማን። የቀረን ሰፈር መምረጥ ብቻ ነበር። ብቻ!

ሰው ስለሚያውቀው አገር ምክር አይጠይቅም። እኔ ጠየቅኩ። የአጎቴ ልጅ «መናፈሻ ያዝ፣ መሀል ከተማ ነው» አለኝ። ሱቁ መናፈሻ ነው። አብሮ አደጌ «ምን በወጣህ! መሀሉ ሸዋ በር ነው» አለ። ቤቱ ሸዋ በር ነው። ስሙ በር የሆነ ሰፈር እንዴት መሀል ይሆናል ብዬ አልተከራከርኩትም፣ ካርዴ እያለቀ ነበር። የባለቤቴ ባልደረባ ደግሞ፣ ደሴን በሕይወቷ አንድ ጊዜ ለሠርግ ያየች፣ «ፒያሳ ነዋ! ከፒያሳ ውጭ ደሴ ምን አላት?» ብላ ደመደመች። ሮቢት ያለም አለ፣ ሆጤ ያለም አለ። ሁሉም መሀል ነው።

ውሸታሞች አይደሉም እኮ። ደሴ በአንድ ወገን የጦሳ ተራራ፣ በሌላው ወገን አዝዋ ገደል ይዘዋት እንደ መቀነት የተዘረጋች ከተማ ናት። ርዝመት እንጂ ወርድ አልተሰጣትም። በመቀነት ላይ መሀሉን ፈልግ ብትባል አንተም የቆምክበትን ነው የምታሳየው። አዲስ አበባም «ሆቴሉ ቦሌ ነው» ብለውህ ከሻንጣህ ጋር ቡልቡላ የሚያወርዱህ በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ግን እዚያ ቢያንስ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ነው ትላለህ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ስልኳ ላይ ፎቶ አይታ ፒያሳ አካባቢ አንዱን መረጠች። ነጭ አንሶላ፣ አንሶላው ላይ በፎጣ የተሠራ ዳክዬ፣ ከዳክዬው ጀርባ በመስኮት የሚታይ አረንጓዴ ተራራ። «ጦሳን እያየን ነው የምንነሣው» አለችኝ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተን፣ የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ በመብራት ወጥተን ስንደርስ ዳክዬው አለ። መስኮቱን ስከፍተው ግን ፊቴ የተገተረው የጎረቤት ሕንፃ ብሎኬት ነው፤ በእጄ ይነካል። ሻንጣ ያመጣልኝን ልጅ «ጦሳስ?» አልኩት። ብሎኬቱን በጣቱ እየጠቆመ «ከሱ ኋላ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው፣ ጦሳ የትም አልሄደም።

«ውሃስ አለ?»

«አብሽር ጋሼ፣ ይመጣል።»

አብሽር ደግ ቃል ነው። ወሎ በዚህ ቃል ስንቱን ሐዘንተኛ አጽናንቷል፣ ስንቱን ተጣይ አስታርቋል። ሰውነት ግን አይታጠቡበትም። የመታጠቢያውን ቧንቧ ስከፍት አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አየር ተነፈሰ፣ ዝም አለ። በሩ ላይ «ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት» የሚል ተለጥፏል፤ ከሥሩ ባልዲና የፕላስቲክ ጣሳ ተቀምጧል። ሁለቱን ማን አንድ ላይ እንዳስቀመጣቸው እንጃ፣ ቀልደኛ ሰው መሆን አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በዚያ ከፍታ፣ በመስከረም ማታ፣ የባልዲ ውሃ አናት ላይ ሲፈስ የሚሰማውን ስሜት ልጄ በጩኸት ለፎቁ በሙሉ አስረዳችልኝ።

ሌሊቱን ደግሞ ተራ በተራ ልንገራችሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ከሥር ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ዘፈኑን ሳይሆን ድምታውን ብቻ፣ በፍራሹ በኩል፣ በጎድንህ ትሰማዋለህ። ከስድስት በኋላ ጠጪዎቹ ወጥተው በር ላይ ይሰነባበታሉ። የወሎ ስንብት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከጭውውቱ ይረዝማል። ቀጥሎ ውሻ። አሥር ሰዓት ላይ አዛን፣ አሥራ አንድ ላይ ቅዳሴ። እነዚህን ሁለቱን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ የአባቴ ወገን በአንዱ፣ የእናቴ ወገን በሌላው የተነሡ ናቸው፤ በልጅነቴ ሁለቱንም እየሰማሁ ተኝቻለሁ። የሚነድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የሚኒባስ ረዳት። ጎዳናው ላይ ከሱና ከባዶ መኪናው በቀር ነፍስ ያለው ነገር በሌለበት ሰዓት፣ መስኮቴ ሥር ቆሞ፣ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!»

ማንን ነው የሚጠራው? እኔን ነው መሰለኝ። በመጨረሻም ሰምቼዋለሁ።

በማግሥቱ መስቀል ቦሩ ሜዳ ዋልን። ደመራው ከነደደበት አጠገብ ከአንድ አያ ጋር ሣር ላይ ቁጭ ብለን የሆቴሉን እሮሮ አወራሁላቸው። ሜዳውን በከዘራቸው ዞር አድርገው አሳዩኝና «እዚህ ያን ሁሉ ጦር አሳድረነዋል እኮ» አሉኝ፤ የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ትናንት የተፈጸመና እሳቸውም አልጋ ያነጠፉ ይመስል። ነገሩ ግን እውነት ነው፣ እኔም ያን ዕለት ደጋግሜ አሰብኩት። ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ እዚህ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ተዋሕዶና ስለ ሦስት ልደት አከራክረዋል፤ የወሎው መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ክርስትና የተነሡት ከዚሁ ጉባኤ ወዲህ ነው። ያን ሁሉ ሲከራከሩ የት እንደር ብሎ የተከራከረ አልሰማንም። ለምን ቢባል፣ የንጉሥ ሰፈር ሥርዓት አለው። የንጉሡ ድንኳን መሀል ላይ ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰፍራል። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመስፈር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር ብንል ደጃች ውቤ የሰፈሩበት ማለታችን ነው። ማንም ፎቶ አይቶ አልመረጠም። መሀሉም አንድ ነበር፣ ያውም ከሩቅ የሚታይ፣ ድንኳን የተተከለበት።

ያኔ ብሆን ከጓዝ ጠባቂዎቹ ጋር እንደምመደብ አውቃለሁ። ግን ቁርጤን አውቄ ነበር የምተኛው።

ደግሞ እኮ ንጉሥ ሚካኤል ኋላ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንም ገብቶ የሚበላበት። አሁን እንግዳ ተቀባዩ መታወቂያዬን አየት፣ ጫማዬን አየት፣ የመኪናዬን ታርጋ በመስታወት አየት አድርጎ ዋጋ ሲነግረኝ ያ አዳራሽ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል አልኩ በሆዴ። ይኸው ሰው በሁለተኛው ማታ ሌላ ነገር ነገረኝ። «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ክፍሉ ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ግሸን።»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። የቦሩ ሜዳ ልጅ ሆኖ መስከረም 21 ግሸን ማርያም መሆኑን መርሳት! ከየአገሩ የሚመጣው ተሳላሚ ወደ አምባሰል ከመውጣቱ በፊት ደሴ ያድራል። በእነዚያ ቀናት አልጋ ያለው ሰው መሬት እንዳለው ሰው ነው። ሌላ ሆቴል ደወልን፣ ሞልቷል። ሌላ፣ ሞልቷል። አንዱ «አለ» አለንና ዋጋውን ሲጠራ ባለቤቴ ለሌሊቱ ነው ለወሩ ብላ ጠየቀች። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲያስመርቅም እንዲሁ ነው ይላሉ፤ አባትና እናት ጋቢያቸውን ለብሰው ከመናፈሻ እስከ ቧንቧ ውሃ አልጋ ሲለምኑ ያመሻሉ።

ቦሩ ሜዳ ላይማ አልጋ ማለት የሆስፒታል አልጋ ነው። ዓይኑን ሊታይ፣ ቆዳውን ሊታከም ከሩቅ ወረዳ የመጣ ሰው አለ፤ አስታማሚው በአቅራቢያው ክፍል ተከራይቶ ሳምንት ይከርማል። እሱ ሰፈር ሲመርጥ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከሆስፒታሉ በር በእግር ስንት ደቂቃ ነው። እኔ ስለ ጦሳ እይታ ሳማርር አንዱ አስታማሚ ፔርሙዙን ይዞ አለፈኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

እንግዲህ ረዳቱን ሰማነው፤ ኮምቦልቻ ወረድን። የባለቤቴ ወንድም እዚያ ነው የሚሠራው፤ ከመጀመሪያውም «ኑ እዚህ፣ ሞቃት ነው፣ ሜዳ ነው፣ አየር ማረፊያው ደግሞ አፍንጫችሁ ሥር ነው» ሲል ነበር። በመኪና ነው የመጣነው ብንለው «ቢሆንም» ይላል። ደሴና ኮምቦልቻ በአፍ ሲጠሩ አንድ ስም ናቸው፣ በመሀላቸው ግን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ከስድስት መቶ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ። ከሐረጎ ወዲያ ሹራብ፣ ከሐረጎ ወዲህ ካናቴራ። ልጆቹ እየወረድን ልብስ አወለቁ፣ ተመልሰን ስንወጣ ለበሱ፣ አፍንጫቸው ግን የቱን አየር እንደሚያምን ግራ ገባው።

ኮምቦልቻ ውሃ ነበር፣ አልዋሽም። ሙቅም ነበር፤ ማንም ሳያሞቀው። ግን ከተማዋ ደረቅ ወደብ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አላት፤ ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ተሳቢ መኪና ሌሊት ማርሽ የሚቀይረው ደግሞ የኛ መስኮት ፊት ለፊት ነው። መስኮት ዘግተን ማራገቢያውን ከፈትን። መብራት ሄደ። መስኮት ከፈትን። ቢምቢው የኛን መክፈት ነው የጠበቀው። ባለቤቴ በጨለማ ውስጥ በነጠላዋ እያባረረች፣ «ያ ረዳት ስንት ሰው ነው ያለው የቀረው?» አለችኝ። ሁለት አልኳት። «እኛን ነው።»

ጧት ቦሩ ሜዳ ቁርስ ተጋብዘን ነበር። ሐረጎን ወጣን፣ ከዚያ ያቺን መቀነት ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥናት፤ በየመሀሉ ባጃጅ፣ በየመሀሉ ገበያተኛ፣ በየመሀሉ የግሸን አውቶቡስ ተሳላሚ ሲጭን። መናፈሻን ስናልፍ የአጎቴ ልጅ ከሱቁ በር ላይ እጁን አውለበለበ፤ «አላልኩህም?» ማለቱ ነው። አክስቴ ጋ ስንደርስ ገንፎው ቀዝቅዞ ምሳ እየተሠራ ነበር።

አክስቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ሻንጣዎቹን ከመኪናው አስወርዳ ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና ማታ ቡና ካበቃ በኋላ መሀል ቤት ቆማ መመደብ ጀመረች። ለካ እሷም የግሸን እንግዶች አሉባት፤ ከላስታ ወገን የመጡ ሦስት ሴቶች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ዝም ያለ ጎረምሳ። ቄሱን ግድግዳው ሥር ያለው መደብ ላይ፣ ሴቶቹን በቀኝ በኩል፣ የኔን ባለቤትና ልጆች አልጋው ላይ፣ የራሷን ልጆች በግራ ጎን ቁርበት ላይ። ማንም አልተከራከረም። ባለቤቴ እንኳ «አይሆንም፣ እርስዎ አልጋዎ ላይ ይተኙ» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«አክስቴ፣ እኔስ?» አልኳት።

ዞር ብላ ቤቱን ቃኘች። የቀረው ቦታ አንድ ነበር። «አንተ በሩ ጋ፣ ልጄ» አለችኝና ጋቢ ወረወረችልኝ።

በሩ ከታች ስንጥቅ አለው፤ ሦስት ጣት ያህል። የቦሩ ሜዳ ብርድ ደግሞ እንደዚያ ረዳት ነው፣ ስምህን እየጠራ ይመጣል። ሹራቤን አውልቄ ስንጥቁን ወተፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቄሱ ለውጪ ተነሡና በጨለማ እግሬን ረግጠው ሹራቡን ገፍተው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ «ይቅርታ ልጄ፣ የት ነው የተኛኸው?» አሉኝ።

«እዚሁ ነኝ፣ አባ» አልኩና ሹራቡን መልሼ መወተፍ ጀመርኩ።