ዘንድሮ አሥራ አንድ ጊዜ ሞትኩ

ከመስከረም እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። አራቱን አልጋዬ ላይ፣ ሦስቱን ዛፍ ሥር፣ ሁለቱን በመኪና ተገጭቼ (መኪናው አልነበረም፤ «ድምፁን በኋላ እንጨምረዋለን» ብለውኝ ነው)፣ አንዱን በልጅ ናፍቆት፣ አንዱን ደግሞ ምክንያቱ ሳይነገረኝ። ለዚህ ለመጨረሻው፣ «ልጄ፣ ምን ሆኜ ነው የምሞተው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሞላው የሚገርመኝ ዳይሬክተር፣ «ጋሼ፣ እሱን ለተመልካች እንተወዋለን» አለኝ። ሟቹ እኔ፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ተመልካች! ተመልካቹ የት እንዳለ ደግሞ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከግቢያችን አጠገብ ባለው ፎቅ፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ፣ የፊልም ማሠልጠኛ የተከፈተ ጊዜ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ውሃ ሊጠጡ መጡ። ቀጥሎ ሽንት ቤት ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ በጣቶቿ አራት ማዕዘን ሠርታ፣ በዚያ ቀዳዳ ግቢዬን፣ ጓሮዬን፣ በመጨረሻም እኔን አየችና፣ «አባባ፣ ፊትዎ ታሪክ አለው» አለች። ባለቤቴ ከማጀት ሆና፣ «ታሪክስ አለው፤ ኪራይ ግን የለውም፣ ለዚያ ነው» አለች። እሷ ምንጊዜም ከእኔ ቀድሞ ነው የሚገባት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀርቶ ሎኬሽን ሆኗል። ጋቢዬ ኮስቲዩም ነው። የባለቤቴ ጀበና ፕሮፕስ ተብሎ ከጥር ጀምሮ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ መጨረሻ የታየው ኮተቤ ነው አሉ። እኔ ራሴ ምን እንደሆንኩ አንድ ቀን ወረቀታቸው ላይ አየሁ፤ «ሽማግሌ 1» ይላል። ሽማግሌ 2 ማን ነው ብል፣ ለሱ በጀት የለም አሉኝ።

እኔን የሚያበግነኝ መሞቱ አይደለም፤ ዕድሜዬ ለልምምዱ ደርሷል። የሚያበግነኝ ምንም ሳላደርግ መሞቴ ነው። በሁሉም ድርሰት ውስጥ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ አድማስ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ እሞታለሁ። አድማስ የሚሉት ደግሞ የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም ውስጥ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ የሚባል ሰው አለ። እሱ ዝም ብሎ አድማስ አያይም። ይናገራል፣ ይሳደባል፣ በመጨረሻም ባላባቱን ይገላል። ከተዋናዮቹ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ ናቸው፤ ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የእኛዎቹ እኔን በርጩማ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ አራት ቀን ፈጀባቸው።

ከሙያው የራቅኩ ሰው ሆኜ አይደለም የማማርረው። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት ያህል ፊልም አጫዋች ነበርኩ። ሥራውን ስይዝ አያቴ ሦስት ጊዜ እንትፍ ብላ አማተበች፤ አዲስ አበባ ሲኒማ ሲመጣባት ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብላ የሰየመች ከተማ መሆኗን አትርሱ። በእኛ ጊዜ ፊልም ክብደት ነበረው። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሁለት ነው። በሸራው ቀኝ ጫፍ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ስትል ሁለተኛውን ማሽን ታስነሣለህ፣ ሌላዋ ነጥብ ስትመጣ ታቀያይራለህ። ያቺ ነጥብ ካመለጠችህ ሕዝቡ ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል፣ እናትህን ያነሣል። የህንዱ «ማዘር ኢንዲያ» መሐል ላይ ከተቆረጠብህማ በጓሮ በር ነው የምትወጣው። ተመልካች ማለት እንግዲህ እሱ ነው፤ ነገር የሚተውለት ሳይሆን የምትፈራው።

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ሻይና ብስኩታቸውን እየቀመስኩ ብዙውን ሰምቻለሁ። ወርክሾፕ አለ፣ ማስተር ክላስ አለ፣ ኔትወርኪንግ የሚባል ቆሞ ለስላሳ መጠጣት አለ። ሁሉም ሲያልቅ ሰርተፊኬት ይታደላል። አንዱ ልጅ ዘጠኝ አለው፤ ግድግዳው ላይ በተርታ ሰቅሎ ጠርቶ አሳየኝ። እኔም በሙያዬ አሰብኩት፤ ፊልም በሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል ይፈልጋል። ዘጠኙን ሰርተፊኬት አከታትሎ ቢያሳየኝ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም። ይህን ስነግረው አኮረፈ። በማግሥቱ አሥረኛውን ሊያመጣ ሄደ።

የትምህርቱ ክፍፍልም አይገባኝም። ለፕሮፖዛል አጻጻፍ አምስት ቀን፣ ለድምፅ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ከሻይ በኋላ። የዚህ ፍዳ የሚወርደው በእኔ ላይ ነው። ሰባተኛው ሞቴ ላይ ትንፋሼን ዋጥ፣ ዓይኔን ክድን አድርጌ፣ ልጄ ሆና የምትሠራዋ ተዋናይት ደረቴ ላይ ወድቃ እያለቀሰች ሳለ፣ ከአጥሩ ውጭ «ቁራሌው!» የሚል ተነሣ። ከት። ደግመን ሞትን፤ ውሻ ጮኸ። ከት። በሦስተኛው የደብሩ ድምፅ ማጉያ፣ በአራተኛው የመስጊዱ። በአምስተኛው ሰማይና ምድሩ ጸጥ ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አመጡ፤ እሱ ከውሻውም ከቁራሌውም ይብሳል። ቡም የያዘው ልጅ እጁ ዝሎ ኖሮ ማይኩ ግንባሬ ላይ ወደቀ፤ ሬሳነቴን ረስቼ ከልቤ «ዋይ!» አልኩ። ዳይሬክተሩ እየዘለለ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነው! ይሄንን ነበር የምንፈልገው!» አይለኝም መሰላችሁ? ሬሳ ለምን ዋይ እንዳለም ለተመልካች ሊተዉት ነው።

ከማሽን ክፍሏ መስኮት ሠላሳ ዓመት ሕዝብ ሳይ ኖሬያለሁ። ሥዕሉ ቢጨልም ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ጃኬቱን ያነሣል። ይህን ለአሠልጣኙ ብነግረው፣ «በጣም ጥሩ ግብዓት ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ግብዓት የሚሉት ነገር የት እንደሚገባ ግን አይቼ አላውቅም።

ሁሉም እንዲህ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን ያቋቋመው አብርሃም ኃይሌ ብሩ ለቻዳዊው ዳይሬክተር ማሐማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና»ንና «ዳራት»ን በካሜራው የቀረጸ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ብርሃን ሲያስተምር ተቀምጦ መስማት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ከፍቷል። ናይሮቢ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ገንዘብ የሚሰጥ ዶክዩቦክስ የሚባል አለ። ካምፓላ ላይ ደግሞ ህንዳዊቷ ፊልም ሠሪ ሚራ ናይር እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተችው ማይሻ የሚባል የፊልም ማሠልጠኛ አለ። ሚራ ናይርን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል፤ በህንድ ፊልም እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ «ሰላም ቦምቤይ»ን ከመቅረጿ በፊት የጎዳና ልጆቹን ሰብስባ አሠለጠነቻቸው፣ ከዚያ እነሱኑ ይዛ ቀረጸች፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። አያችሁ? ሥልጠናው ፊልም ሆነ። ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም።

የፒቺንጉን ቀን ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ከውጭ የመጣች እንግዳ ተቀምጣለች፤ ልጆቹ በተራ እየወጡ በሦስት ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለፊልማቸው ገንዘብ ይለምናሉ። በአማርኛ ድንጋይ የሚያስቅ ልጅ፣ ግቢዬ ውስጥ ስንቴ ሆዴን አስይዞኝ ያወጋ ልጅ፣ እዚያ ላይ ምላሱ ተሳሰረ። ሴትዮዋ በትሕትና ጠየቀችው፤ ለምን አንተ? ለምን ይህ ታሪክ? ለምን አሁን? ልጁ ላቡን ይጠርጋል። እኔ አላስቻለኝም። ከኋላ ሆኜ፣ «መብራት ስላለ ነዋ!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። አስተርጓሚው ብቻ አልተረጎመውም፤ ቢተረጉመው ኖሮ በዚያ ቀን ከተሰጠው መልስ ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር።

አንድ ነገራቸው ግን ደስ ይለኛል፤ ደስ እንደሚለኝ አትንገሯቸው። እቁብ አላቸው። ዕጣው የወጣለት በዚያ ወር ካሜራ ይከራያል፣ ሌሎቹ ያለ ክፍያ ይሠሩለታል። አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዷ ሜካፕ ትቀባለች፣ ትናንት ዳይሬክተር የነበረው ዛሬ ገመድ ይጠቀልላል። አንዷን ሌንስ ሰባት ቡድን ይፈራረቅባታል፤ በታክሲ ስትጓዝ የምትጠቀለለው በእኔው ጋቢ ነው። «ኮሌክቲቭ ይባላል፣ ጋሼ» አሉኝ። አባቴ ደቦ ይለው ነበር፤ ለዚያ እንግዳ ተጋብዞ ሥልጠና አልተሰጠውም። ደቦ የጠራ ሰው ግን ጠላ ይጠምቃል። እነዚህ ማክሰኞ በያይነቱ፣ ዓርብ ቀይ ወጥ ነው የሚያመጡልኝ። ሞቼ እንኳ ጾም ልይዝ አልቻልኩም።

እንግዲህ ወደ ዋናው በደሌ ደረስኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ስሞት አንድ ጊዜ እንኳ ስሞት አላየሁም። «ፊልሙስ?» ስላቸው «ፌስቲቫል ላይ ነው» ይሉኛል። ውጭ አገር እንደ ሄደ ዘመድ ነው፤ ደረሰ ይባላል እንጂ ድምፁ አይሰማም። «እሺ፣ እስኪመለስ በስልክህ አሳየኝ» ስለው፣ አንዱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተገላምጦ፣ «ጋሼ፣ ፕሪሚየሩ ይበላሽብናል» አለኝ። ለካ ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ሌላ ቦታ አስቀድሞ የታየ ፊልም አይወዱም። እንደ ድሮ ሙሽራ ተሸፍኖ ይምጣልን ነው የሚሉት። ይሁን፤ ግን ሙሽራን እናቷም አታያትም እንዴ? ፌስቲቫል ክብር መሆኑን አውቃለሁ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን በገባ ጊዜ የእኔን ፊልም የመረጡት ያህል ነው የኮራሁት። ካን የሚገባው ግን አንድ ነው፤ ሌላው መቶ ፖስታ ቤት እንደ ቀረ ደብዳቤ ኮምፒዩተር ውስጥ ያረጃል።

ኃይሌ ገሪማን እንደገና ላነሣው ነው፤ ብሰለቻችሁም ሽማግሌ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። አልቅሶ አልተቀመጠም፤ ፕሮፖዛልም አልጻፈም። ሲኒማ ቤት በገንዘቡ እየተከራየ፣ የየከተማውን ሰው እያስተባበረ፣ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳየው። ሕዝቡ ተሰለፈ። በኋላም ዋሽንግተን ውስጥ፣ ያስተምርበት ከነበረው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሳንኮፋ የሚባል መጻሕፍት ቤት ከፈተ። ይኸው ሰው «ቴዛ»ን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን የወርቅ ፈረስ ሽልማት ወሰደ። ፌስቲቫሉንም ሰፈሩንም አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስተርክላቸው ከአፌ ሥር ስልክ ደቅነው ቀረጹኝ። የት እንዳደረሱት አልጠየቅኩም፤ ፌስቲቫል ላይ ይሆናል።

በመጨረሻ ባለፈው ወር ተጠራሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ የአጫጭር ፊልሞች ምሽት አለ፣ አምስተኛው ሞቴም ይታያል ተባለ። ጋቢዬ ታጠበ፣ ተሰጣ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ፊልሙ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በስድስተኛው የለሁም። በዘጠነኛው የለሁም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጋቢዬ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ በነፋስ ሲውለበለብ ታየ፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም። ከዚያ አለቀ። ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ዓይኔን አፍጥጬ ብፈልግ «ልዩ ምስጋና፦ ለጋቢው ባለቤት» ይላል። ዳይሬክተሩ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሞትዎ ሪትሙን እያዘገየው አስቸገረን» አለኝ። በሕይወት ያለሁትም ዘግይቼ ነው፤ ምን ላድርግ?

ውይይት ተከፈተ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተነሥቶ፣ ጋቢው የባዶነት ምሳሌ ነው ወይስ የአባትነት? ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ ያችኑ «ለተመልካች እንተወዋለን» ሲል ተመልካቹ ለካ እኔ ነኝ፤ እጄን አወጣሁ። «ታጥቦ ነው የተሰጣው» አልኩ። ያን ጊዜ የሣቀው ሕዝብ! ስልሳ የሚሆን ሰው ነው፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር የተቀመጠ። ቀጥሎ በታየው ፊልም መሐል ድምፁ ሲቋረጥ ከኋላ ፏጩ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ፣ «ምን ሆነህ ነው የምትስቀው?» አለችኝ። እጄ ሳላውቀው የማሽኑን እጀታ ሲፈልግ አግኝቼው ነው።

ትናንት በጠዋት ሌላ ቡድን አንኳኳ። «ጋሼ፣ በዚህኛው ንግግር አለዎት» አለ መሪያቸው፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው።

«ስንት ቃል?»

«አንድ።»

«ምን የሚል?»

«ውሃ።»

«ከዚያስ?»

አቀረቀረ። ወረቀቱን ተቀበልኩት፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ባለቤቴን እስክሪብቶ አስመጣሁ። «ሽማግሌ 1» የሚለውን ሰርዤ ስሜን ጻፍኩበት። «ይሞታል» የሚለውንም ሰረዝኩና «ጠጥቶ፣ ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ ይወጣል» አልኩበት። ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ፊልሙ በምን ሊያልቅ ነው?»

ባለቤቴ ከማጀት ሆና፣ «ጀበናዬን በመመለስ!» አለችው።