ኮከባቸው ገጠመ

(የሙሽራዋ አባት የጋሽ በየነ ሳሎን። የሠርጉ ቪዲዮ ተከፍቷል። ካሜራማኑ ሚኪ ቀሪ ሂሳቡን ሊቀበል መጥቷል።)

ጋሽ በየነ፦ እስቲ አቁመው። ይቺ መሃል ላይ የምትንቦገቦገው ምንድን ናት?

ሚኪ፦ ኮከብ ናት ጋሼ፤ ሻማው ላይ የወጣች።

ጋሽ በየነ፦ እሷንማ አየሁ። ከጎኗ ያለችውን ነው የምልህ።

ሚኪ፦ እሷ... ይቅርታ ጋሼ፣ የእርስዎ መላጣ ናት። ወዝታ መብራት አርፎባት ነው።

ጋሽ በየነ፦ ኮከባቸው ይግጠም ብለን መረቅን እንጂ አንተ ኮከብ ግጠም አልንህ? በምን አመጣኸው?

ሚኪ፦ በስታር ፊልተር። ሌንሱ ፊት የሚገባ መስታወት ነው። እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ተጭረውበታል፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ወደ ጎን ይበተናል። ጭረቱ በ2 አቅጣጫ ከሆነ 4 ጨረር፣ በ3 ከሆነ 6፣ በ4 ከሆነ 8 ይወጣል። የእኔው ባለ 8 ነው።

ጋሽ በየነ፦ ታዲያ ቀን መስኩ ላይ ስትቀርጸን የት ሄደ?

ሚኪ፦ ጀርባው ጨለም ብሎ ትንሽ ደማቅ ብርሃን ካላገኘ አይወጣም።

ጋሽ በየነ፦ መላጣዬ ተመቸችው በለኛ! ኬኩ ሲቆረስ ደግሞ ኮከቡ ሁሉ እንደ ወፍጮ መዘውር ይሽከረከራል። የሙሽራዋን እናት አዙሯት ጓዳ ተኝታለች።

ሚኪ፦ ፊልተሩን ሳዞረው ጨረሩም አብሮ ስለሚዞር ነው፤ ለድምቀት ብዬ። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ እኮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሙዚቃ ዝግጅቶች በዚህ ነበር የሚያሸበርቁት!

ጋሽ በየነ፦ ያኔማ እኔም አፍሮ ነበረኝ! በል አጥፋልኝ።

ሚኪ፦ አይጠፋም ጋሼ። ኤዲቲንግ ላይ ኮከብ መጨመር ይቻላል፤ ሲቀረጽ የገባውን ማውጣት ግን...

ጋሽ በየነ፦ የወጥ ጨው በለኛ! ካነሰ ይጨመራል፣ ከበዛ ማን ያወጣዋል? ታዲያ ሳትቀምስ ለምን ገለበጥከው? ሻማ ሲለኩሱ አንዴ ብልጭ ብታደርገው አጨብጭበን በሸኘንህ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ኮከብ ስቆጥር ልጄን አላየኋትም።

ሚኪ፦ አለች እኮ፤ ከአምፖሉ ኮከብ ሥር፣ ዝቅ ብለው ካዩ።

ጋሽ በየነ፦ ስማ፣ የልጄ ፊት የሚታይበት 1 ፎቶ አምጣና ቀሪ ሂሳብህን ውሰድ።

ሚኪ፦ ጋሼ... ፎቶውንም ያነሣሁት በዚያው ፊልተር ነው።