አሳውቆ የበላ አይጠየቅም

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ስለ ስኳር በሽታ ማብራሪያ ሊሰጡን የመጡት ሐኪም «የመንግሥት አማካሪ ኮሚቴ አባል» ተብለው ሲተዋወቁ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገላቸው። እኔ የመጣሁት ላስተረጉም ነው። ምሳው ከኋላ ተደርድሮ ሽታው ይጣራል፤ ሒሳቡን የከፈለው ማን እንደሆነ በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ይናገራል።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች የኩባንያ ስም ነው። ስድስተኛው ስም ላይ ስደርስ ስላይዱ አለፈ። «ያው የተለመደው ነው» ብለው ፈገግ አሉ፤ ፊት የተቀመጡት ባልደረቦቻቸውም ሳቁ። ቀጥሎ የመጣው የአንድ መድኃኒት ሥዕል ነበር። አምራቹ ካነበብኳቸው ስድስት ስሞች አንዱ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጎሸም አደረጉኝ።

«ምን አሉ ልጄ?»

«ከእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ ተቀብያለሁ ነው የሚሉት፣ እማማ።»

«የምን ድርጅት?»

«መድኃኒት የሚሠሩ።»

«የዚህኛውንም ሠሪ?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ታዲያ ምን አሳቃቸው?» አሉኝ።

መልሱን በሁለቱም ቋንቋዎቼ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ጥፋቱ የእኔና የእማማ ሆኖ አገኘሁት። ሥልጣኔ አልገባንም።

የጥቅም ግጭትን ማሳወቅ የሚባለው ነገር እኮ የሰው ልጅ ከደረሰባቸው ጥበቦች ሁሉ የላቀ ነው። አባቶቻችን ንስሐ የሚባል ነበራቸው፤ ግን ኋላ ቀር ነበር። ነፍስ አባትህ ዘንድ ትቀርባለህ፣ የሠራኸውን ትናገራለህ፤ እስከዚህ መልካም። ከዚያ ግን ቀኖና ይሰጡሃል፦ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ የወሰድከውን መልስ። የወሰድከውን መልስ! ሳይንስ ይህን እንቅፋት አነሣልን። ኑዛዜውን ያዘ፣ ቀኖናውን ጣለ። የዘመኑ ተናዛዥ ተናዝዞ ሲያበቃ አይሰግድም፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ ድምፅ ይሰጣል።

ጥበቡ ሳይገኝ በፊት ሰው እንዴት ይቸገር እንደነበር አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሦስት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የልብ ሕመምን ነገር ከስኳር ይልቅ ወደ ስብ የሚያዞር ጽሑፍ በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያወጡ፣ የስኳር አምራቾች ማኅበር የከፈለውን 6,500 ዶላር ዋጥ አድርገው ዝም ማለት ነበረባቸው። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2016 ነው። ከሦስቱ አንዱ ማርክ ሄግስተድ በ1978 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሥነ ምግብ ክፍል ኃላፊ ሆነዋል። ምስኪን! ዛሬ ቢሆን በአንድ ስላይድ ይገላገሉት ነበር።

ወንበር ስቦ ድምፅ መስጠት በሙሉ ክብሩ የታየው ግን ከሰፈራችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዱ በምትደርሱባት በጌይተርስበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005። ቫዮክስ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ አምራቹ መርክ ከገበያ ካነሣው አምስት ወር አልሞላም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ 32 አማካሪዎችን ሰብስቦ ጠየቀ፦ ቫዮክስ ይመለስ ወይ? የፋይዘሩ ወንድሙ ቤክስትራስ ገበያ ላይ ይቆይ ወይ? ቫዮክስ ይመለስ የሚለው 17 ለ15 አለፈ። ቤክስትራ ይቆይ የሚለው ደግሞ ሁለት ሰዎች ድምፅ ሳይሰጡ 17 ለ13።

ከዚያ ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ነገር መቆፈር የሚወድ ጋዜጣ፣ ቁጭ ብሎ አስቆጠረ። ከ32ቱ አሥሩ ከአምራቾቹ ጋር የገንዘብ ግንኙነት ነበራቸው። አሥሩ ለሁለቱም መድኃኒቶች የሰጡት ድምፅ ዘጠኝ ለአንድ ነው። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ቤክስትራ 12 ለ8፣ ቫዮክስ 14 ለ8 ይወድቁ ነበር።

ዘጠኝ ለአንድ! ይህን ነው አስተዳደግ የምለው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ አገር በሞላበት በዚህ ዘመን፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ወጪቱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ያ አንዱ ግን እናቱ ያላሳደገችው መሆን አለበት። (ቫዮክስ አልተመለሰም፤ ቤክስትራንም ኤፍዲኤ ራሱ ሁለት ወር ሳይሞላ አስነሣው። ይህ ለምስጋናዬ ስለማይመች በቅንፍ አስገብቼዋለሁ።)

የሚያንገበግበኝ ይህ ጥበብ በሐኪሞች ዘንድ ብቻ ታሽጎ መቅረቱ ነው። ለሽማግሌዎቻችን እናካፍላቸው እንጂ! እስቲ አስቡት። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተጣልተው ዋርካው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጋቢያቸውን አስተካክለው ይነሣሉ። «ወገኖቼ፣ ነገሩን ከመስማቴ በፊት ላሳውቅ፤ ከሳሽ ትናንት ማታ አንድ ሙክት አስገብቶልኛል።» ሕዝቡ «እግዜር ይስጥልን! ግልጽነት ማለት ይኼ ነው!» ይላል። ሁለተኛው ይቀጥላሉ፦ «እኔ የከሳሽ አማች ነኝ፤ ዘንድሮ ያረስኩትም በእሱ በሬ ነው። ቢሆንም በሬው ፍርዴ ውስጥ አይገባም።» እልልታ። ሦስተኛው ተነሥተው «እኔ ከማንም ምንም አልተቀበልኩም» ሲሉ ግን ማጉረምረም ይጀመራል። ምንም? እንዴት ምንም? የወሰን ነገር የሚያውቁ ሰው ቢሆኑ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ሙክት አያስገባላቸውም ነበር? ሙክት ያልገባለት ሽማግሌ ልምድ የለውም ማለት ነው። በአክብሮት ይሸኛሉ፤ በቦታቸው ሁለት ሙክትና አንድ ወይፈን የበሉ አዋቂ ይቀመጣሉ።

ነገሩ ሲሰፋ መዝገብ ቤት ያስፈልጋል። የሙክት መዝገብ ቤት ይቋቋማል፣ ጸሐፊ ይቀጠራል፣ ቅጹ በሦስት ኮፒ ይሞላል፦ የሙክቱ ቀለም፣ የላቱ ክብደት፣ ቀንዱ የዞረበት አቅጣጫ፣ የገባው በመሸ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከነነፍሱ ነው ወይስ ታርዶ። ጥቃቅን ስጦታ ሰው እንዳያንገላታም ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ሥጋ አይመዘገብም የሚል መመሪያ ይወጣል። በማግስቱ አገሩ በሙሉ በቅርጫ ይራቀቃል። አንድ በሬ ሙሉውን፣ ሻኛው ከነጎድኑ፣ 2 ኪሎ በማይሞላ መደብ እየተከፋፈለ በየማታው ሽማግሌው ቤት ይገባል፤ መዝገቡ ላይ አንድ ጭረት የለም። ደግሞ የሚጠየቀው ያለፈው 12 ወር ብቻ ይሆናል። 13 ወር የሞላው ሙክት ተፈጭቷል፤ ስለዚህ ብልህ ከሳሽ ጠቡን ከመጀመሩ ከዓመት በፊት ሽማግሌውን መቀለብ ይጀምራል። ከፍርዱ በኋላ የሚገባው ሙክትስ? እሱማ ገና በረት ነው ያለው። በረት ያለ ሙክት ከማን ጋር ይጋጫል?

በመጨረሻ ተከሳሽ መሬቱን ተቀምቶ ሲያለቅስ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጠው «ሁሉም በግልጽ ተጽፏል፤ ምን ጎደለህ?» ይሉታል። «መሬቴ!» ይላል ሰውየው። ጸሐፊው ገጽ በገጽ ይፈልጋሉ። መሬት የሚባል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

በረት ያለው ሙክት የእኔ ፈጠራ መስሏችሁ እንደሆነ አይደለም። ሳይንስ የተባለው መጽሔት በ2018 ባወጣው ምርመራ፣ ከ2008 እስከ 2014 በጸደቁ 28 መድኃኒቶች ላይ ኤፍዲኤን ያማከሩ 107 ሐኪሞችን ገንዘብ ተከታተለ። ከስብሰባው በኋላ 40ዎቹ ከአምራቾቹ ወይም ከተፎካካሪዎቻቸው ከ10,000 ዶላር በላይ አግኝተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ ከ100,000 በላይ። ነገ የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ በሚሞላ ቅጽ ላይ አይገኝም።

እንግሊዞችም አልሰነፉም። በ2009 የአሳማ ጉንፋን ጊዜ ሰር ሮይ አንደርሰን የመንግሥቱ የድንገተኛ ጊዜ ሳይንሳዊ አማካሪ ቡድን አባልም፣ ክትባቱን የሚሸጠው የግላክሶስሚዝክላይን የቦርድ አባልም ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሁሉንም በለጠ፤ በዚያው ወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴውን አባላት ስም ራሱን ከተጽዕኖ ልጠብቃቸው ብሎ ከዓመት በላይ ደበቀ።

አንዳንድ ምቀኞች ደግሞ ጥበቡን በሙከራ ሊፈትኑ ተነሡ። ኬይን፣ ሎዌንስታይንና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሳንቲም የሞላበት የመስታወት ማሰሮ አቀረቡ። ገማቹ ከሩቅ ለአፍታ ያየዋል፤ አማካሪው ቀርቦ ያየውና «ይህን ያህል ነው» ብሎ ይመክረዋል። ገማቹ ክፍያ የሚያገኘው ወደ እውነቱ ሲቀርብ ነው፤ አማካሪው ግን ገማቹ አብዝቶ ሲገምት። ከዚያ የከፊሎቹ አማካሪዎች ጥቅም እንዲነገር ተደረገ። ምን ሆነ? የተነገረባቸው አማካሪዎች ይባስ አጋነኑ። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው እንደምትከራከረው ሲያውቅ ዋጋውን አስቀድሞ ይሰቅል የለ? እንዲያ ነው። ደግሞም «ነግሬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የራሱ ጉዳይ» ያለ ሕሊና ይቀልለዋል። ገማቹ ትንሽ ቅናሽ አደረገ፤ አልበቃም። ማሳወቁ በነበረበት አማካሪው የበለጠ አተረፈ፣ ገማቹ የበለጠ ከሠረ።

እዚህ ላይ ሽሙጤ አላዛለቀኝም። ከኩባንያው ገንዘብ የወሰደ ሰው በኩባንያው መድኃኒት ላይ ድምፅ አይስጥ። ይምጣ፣ የሚያውቀውን ያስረዳ፣ ይጠየቅ፤ እጁን ግን አያንሣ። እኔ በሰዓት የሚከፈለኝ አስተርጓሚ ነኝ። ታካሚው ዘመዴ ከሆነ ተናግሬ ከክፍሉ እወጣለሁ፤ ሌላ ሰው ይተካል። «ዘመዴ ነው፣ አሳውቄያለሁ» ብዬ ብቀጥል በማግስቱ ሥራ የለኝም። አዋቂ የሚባል ሁሉ ከኩባንያ ጋር ይሠራል፤ ሌላ ሰው ከየት እናምጣ ይሉናል። ወደ 300 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት አገር 32 ሰው ጠፋ? ኮንግረስ በ2007 የጥቅም ግጭት ላለባቸው የኤፍዲኤ አማካሪዎች የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ በቁጥር ገደበ፤ በ2012 ገደቡን አነሣ። አምስት ዓመት ታገሡት፤ ከበዳቸው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ማብራሪያው ሲያልቅ ሐኪሙ መጥተው ጨበጡኝ፤ በትርጉሜ መደሰታቸውንም ነገሩኝ። ትሑት ሰው ናቸው፣ እውነቴን ነው። ሰዉ ወደ ምሳው ተንቀሳቀሰ። እኔም አንድ ሳህን ለራሴ አነሣሁ፤ ዶሮ ወጡ ለሆቴል ምግብ መጥፎ አልነበረም። ለእማማም አንድ ሞልቼ ወደተቀመጡበት ወሰድኩላቸው። መድኃኒቱ ያለበትን ብሮሹር ለአራት አጥፈው ወንበሩ ላይ ትተውታል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመሄድ እየተነሡ ነበር።

«ቅመሱ እንጂ እማማ።»

«ተወው ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ» አሉኝ።

ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ በዓለ ሃምሳ።