ለመሳሳት ለቆረጠ መራጭ

ወንበሩ ላይ የቆየን አገረ ገዥና ከውጭ የመጣን ተፎካካሪ አመዛዝኖ በመጨረሻ መሳሳት የሚፈልግ መራጭ ከካሊፎርኒያ ብዙ ይማራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2003 የግዛቲቱ ሕዝብ ለሁለተኛ ጊዜ ከመረጠው ዓመት ያልሞላውን ግሬይ ዴቪስን አውርዶ የፊልም ተዋናዩን አርኖልድ ሽዋዜኔገርን በቦታው ተካ። ለተተኪነት የቀረቡት ተወዳዳሪዎች 135 ነበሩ።

መጀመሪያ መብራት ሲጠፋ ወንበሩ ላይ የተገኘውን ሰው ብቻ መውቀስ ያስፈልጋል። በ2000 እና በ2001 ካሊፎርኒያ በፈረቃ መብራት ይጠፋባት ነበር። የኤሌክትሪክ ገበያውን ልቅ ያደረገውን ሕግ በ1996 የፈረመው የዴቪስ ቀዳሚ ፒት ዊልሰን ነው። እንደ ኤንሮን ያሉ ኩባንያዎች ገበያውን እያዛቡ ዋጋ ማናራቸውም በኋላ ተረጋግጧል። ዴቪስም ንጹሕ አልነበረም፤ ቀውሱ ሲጀምር ዘገየ፣ ከዘገየ በኋላም ግዛቲቱን ለዓመታት በውድ የኤሌክትሪክ ውል አሰራት። ጥፋቱን ለየባለቤቱ ማካፈል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሊሳሳት የቆረጠ ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ላይ ይጫነው።

ከዚያ ወደ መኪና ግብሩ ይለፍ። የካሊፎርኒያ ባለመኪና በየዓመቱ የመኪናውን ዋጋ 2 በመቶ ይከፍል ነበር። በ1998 ዘመኑ ሲደላ ግብሩ በየደረጃው እንዲቀንስ ሕግ ወጣ፤ በ2001 ወደ 0.65 በመቶ ወረደ። ገንዘቡ የሚሄደው ለከተሞችና ለካውንቲዎች ስለሆነ የጎደለባቸውን ግዛቲቱ ከራሷ ካዝና ትተካላቸው ጀመር። ሕጉ ካዝናው ሲደርቅ ግብሩ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ይፈቅድ ነበር። በ2003 የበጀት ጉድለቱ 38 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፤ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ግብሩ ወደ 2 በመቶ ተመለሰ። 10 ሺህ ዶላር ለምታወጣ መኪና 65 ዶላር ሲከፍል የነበረ ሰው 200 ዶላር ተጠየቀ። በመኪና ካልሆነ በቀር ሥራ በማይደረስበት በሎስ አንጀለስ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በፊት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ በተሰየመው የፌርፋክስ ሰፈር ለሚነግደው ሐበሻም እንዲሁ።

መራጩ ሂሳቡን እዚህ ላይ ያቁመው። ከኪሱ የወጣችውን 135 ዶላር ይይ፤ የፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅ። ሽዋዜኔገር በቅስቀሳው አሮጌ መኪና በክሬን በተንጠለጠለ ከባድ ክብደት ሲያስጨፈልቅ ያጨብጭብ። አዲሱ ገዥ ኖቬምበር 17 ቃለ መሐላ ፈጽሞ በዚያው ቀን የግብር ጭማሪውን ሻረ። በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቀዳዳ ወደ ግዛቲቱ ካዝና ዞረ። በማርች 2004 ሕዝቡ የተከማቸውን ጉድለት ለመሸፈን የ15 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ያ ብድር ከሽያጭ ግብር እየተቀነሰ እስከ 2015 ሲከፈል ኖረ። መኪና የሌለውም ዕቃ በገዛ ቁጥር ከፋይ ሆነ ማለት ነው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

በክርክር መድረክ ሰዓት ማባከንም አያስፈልግም። ሽዋዜኔገር መወዳደሩን ያበሰረው በጄይ ሌኖ የማታ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ ነው። የተገኘበት ክርክር አንድ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹም ለተወዳዳሪዎቹ አስቀድመው ደርሰዋቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ መራጩ አገረ ገዥ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ የለበትም። በጊዜው በካሊፎርኒያ በጀት ለማጽደቅ የምክር ቤቶቹ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ከ1978ቱ 13ኛው ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ ግብር መጨመርም ያንኑ ይጠይቃል። 34 በመቶው እምቢ ካለ ወንበሩ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን መንገዱ ይዘጋል። የግዛቲቱ መንግሥት መቀመጫ የሆነችውን «ሳክራሜንቶን አጸዳለሁ» የሚለውን ሰው ይህን ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው መጠየቅ ግድ ነበር። ሽዋዜኔገር በ2005 ያቀረባቸው አራት የለውጥ ሐሳቦች በሙሉ በሕዝበ ውሳኔ ወድቀዋል፤ በ2009 ደግሞ ግዛቲቱ ጥሬ ገንዘብ አጥሯት ክፍያ ለሚጠብቁ ሰዎች የተስፋ ወረቀት እስከ መስጠት ደረሰች። በሌላ በኩል የ2006ቱን የአየር ንብረት ሕግ ፈርሟል፤ የምርጫ ወረዳዎችን መስመር ከፖለቲከኞች እጅ ያወጣውን ሕዝበ ውሳኔም ደግፏል። የውጭ ሰው ምንም አይሠራም የሚልም ሚዛኑን ስቷል።

ነባሩን በጭፍን መያዝም ወደዚያው ስህተት ያደርሳል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ መተኛት ነው። በ2002 ዴቪስ ተፎካካሪውን ራሱ እስከ መምረጥ ደርሶ ነበር፦ በሪፐብሊካኖቹ የውስጥ ምርጫ ጊዜ ሚሊዮኖች አፍስሶ የቀድሞውን የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ሪቻርድ ሪዮርዳንን በማስታወቂያ አጠቃ። ለዘብተኛው ሪዮርዳን ወደቀ፤ ልምድ የሌለው ቢል ሳይመን ቀረበለት። ዴቪስ 47 ለ42 በመቶ አሸነፈ። ምርጫው ካለፈ በኋላ በዲሴምበር የበጀት ጉድለቱ ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተነገረ። ሕዝቡ ይህን ከምርጫው በፊት መስማት ይገባው ነበር፤ የ2003ቱ ቁጣም ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

የመጨረሻው ዘዴ ወረቀቱን ሳያነቡ መሙላት ነው። በካሊፎርኒያ የማውረድ ምርጫ ሁለት ጥያቄዎች አሉት፦ ገዥው ይውረድ ወይስ ይቆይ፣ ከወረደስ ማን ይተካው? ለመውረድ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ለመተካት ግን ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያውን «ይቆይ» ብሎ የመለሰ ሰው ሁለተኛውንም መመለስ ይችላል። በ2021 ገዥውን ጋቪን ኒውሰምን ለማውረድ ድምፅ ሲሰጥ ግን የራሱ ወገን ሁለተኛው ጥያቄ ባዶ ይቅር እያለ ቀሰቀሰ፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ መራጮችም ባዶ ተዉት። ኒውሰም በ62 በመቶ ገደማ ስለተረፈ ጉዳት አልደረሰም። ቢወርድ ኖሮ ባዶ ለተዉት ሰዎች ተተኪውን የሬዲዮ አቅራቢው ላሪ ኤልደር 3.5 ሚሊዮን ያህል ደጋፊዎች ይመርጡላቸው ነበር።