የዛሬ ልጆችና ጳጉሜን 6

ፐርል ሞቷል ይሉኛል። እሺ፣ ሞቷል እንበል። ቀብሩ መቼ ነበር? እድሩ ጥሩንባ ሲያስነፋ እኔ የት ሄጄ ነው ያልሰማሁት? የቢሯችን የግብዣ ደብዳቤ፣ የደንበኛ መግለጫ፣ የደመወዝ ወረቀት ዛሬም የሚወጣው በዚሁ ሟች እጅ ነው። እንዲህ ሌት ተቀን የሚሠራ ሬሳ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ግን ላፕቶፓቸውን አዝለው ከዩኒቨርሲቲ በወጡ ማግስት «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ለምን ከባዶ አንጽፈውም?» ይሉኛል። ከባዶ! በእኛ ጊዜ ከባዶ የሚጀምረው የሌለው ሰው ነበር። አሁን ቤቱ ሞልቶ ሳለ ከባዶ መጀመር ዕውቀት ሆነ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፐርል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ቴምፕሌት ማለት አንዴ ተጽፎ ባዶ ቦታ የተተወለት ጽሑፍ ነው። ስሙን፣ ቀኑን፣ የብሩን መጠን ፕሮግራሙ ይሞላዋል። እኛ የምንሠራበት ቴምፕሌት ቱልኪት ይባላል፤ አንዲ ዋርድሊ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ለፐርል የሠራው ነው። ሰውየው ብልህ ነበር። ቴምፕሌቱ ራሱ ብዙ እንዲያስብ አላደረገውም፤ ማሰብ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ፕለጊን ትጠራለህ። በካሬ ቅንፍና በፐርሰንት ምልክት መካከል «ዩዝ» ትልና የፕለጊኑን ስም ትጽፋለህ፤ በቃ። ለቀን «ዴት» አለልህ። ለሠንጠረዥ «ቴብል»፣ ረጅም መስመር ለማጠፍ «ራፕ»፣ ዝርዝር ከፋይል ለማንበብ «ዳታፋይል»፣ የሥዕል ቁመትና ስፋት ለማወቅ «ኢሜጅ»። «ማዝ» ውስጥ ኮሳይን ሳይቀር አለ። የስብሰባ ጥሪ ላይ ኮሳይን ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቀው፤ ግን አለ። እነዚህ ሁሉ ከቱልኪቱ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው። ማንንም አትለምንም፣ ማንም አያስከፍልህም።

ልጆቹ ግን አይነኳቸውም። እንደ ውርስ ዕዳ ይሸሿቸዋል።

አንዱን ልጅ የተሰብሳቢዎችን ስም በሦስት ዓምድ ደርድርልኝ አልኩት። የሰጠሁት ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ነበር። ልጁ ጠፍቶ ዋለ። ሲመለስ ሉፕ ውስጥ ሉፕ፣ ቆጣሪ ላይ ቆጣሪ፣ «በሦስት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ከሆነ» የሚል፣ «የመጨረሻው ካልሆነ» የሚል፣ አንድ ገጽ ሙሉ ነገር ይዞ መጣ። አትመን አየነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ሁለት ስም ብቻ ቀርቶ ኖሮ ሠንጠረዡ ወደ ግራ ተንጋዷል። «ቴብል» ዝርዝሩን ሰጥተህ ዓምዱ ሦስት ይሁን ስትለው ራሱ ያከፋፍላል፤ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ስለሚያወርድ የፊደል ተራው ለዓይን ይመቻል፤ የጎደለውን ሣጥን ደግሞ ባዶ አድርጎ ይሞላዋል። ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ የእኔው ግን ፍሌክሲብል ነው» አለኝ። መተጣጠፉንማ መች ካድኩ፤ ወረቀቱ ላይ አየሁት እኮ!

ሌላኛው «እሺ ጋሼ» ብሎ «ዳታፋይል»ን ሞከረ። ተመስገን አልኩ። «ዳታፋይል» የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር የመስኮቹ ስም አድርጎ ይወስዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን በኮለን እየለየ ያነባል። ልጁ ስም፣ ሰዓት፣ አዳራሽ ብሎ ፋይሉን አዘጋጀ። ሰዓቱን ምን ብሎ ጻፈው? 2:30። ፕለጊኑ ምን ያድርግ፣ ኮለን ባየበት ቆረጠ። ጥሪው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አዳራሽ 30» ብሎ ወጣ። ሕንጻችን ውስጥ አዳራሽ ያለው አንድ ነው፤ እንግዶቹ ሠላሳኛውን ፍለጋ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ አረፈዱ። መለያውን ከኮለን ወደ ሌላ ምልክት መቀየር ፕለጊኑን ስትጠራ አንዲት ቃል መጨመር ብቻ ነው፤ ሰነዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ልጁ ግን ሰነዱን በማንበብ ፈንታ «ፕለጊኑ በግ አለበት» ብሎ የራሱን ፋይል ማንበቢያ ጻፈ። ያ ማንበቢያ ዛሬም አለ። በሄደበት መሥሪያ ቤት ሁለተኛ እንዳይጽፍ እጸልያለሁ።

ሰነድ ካነሳሁ አይቀር፣ ስለዚህ ቱልኪት ኦራይሊ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ወፍራም መጽሐፍ አለኝ፤ ሽፋኑ ላይ ባጀር የሚባል እንስሳ ያለበት። ጠረጴዛዬ ላይ አጣሁት። ፈልጌ ፈልጌ የት አገኘሁት? ከአንዷ ልጅ ሞኒተር ሥር። «አንገቴን እያመመኝ ነው ጋሼ፣ ከፍ እንዲልልኝ ነው» አለችኝ። ለአንገቷ አዘንኩ። መጽሐፉን ሳላስመልስ ተውኩት፤ ቢያንስ እዚያ ሆኖ አንድ ጥቅም ይሰጣል።

«ራፕ»ማ የራሱ ጉድ አለው። ካልነገርከው በቀር መስመሩን 72 ላይ ያጥፋል። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ልክ ሆኖ ይወጣል። የአማርኛው ግን ወደ 24 ፊደል ገደማ ሲደርስ እየታጠፈ፣ የወረቀቱ ሁለት ሦስተኛ ባዶ ሆኖ፣ ግጥም መስሎ ወጣ። የሥራ ማስታወቂያ እንደ ቅኔ ተሰድሮ አስቡት። ልጆቹ ተሰብስበው «ፕለጊኑ አማርኛ አይችልም» ብለው ፈረዱ። ፕለጊኑ ምን አጠፋ? የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሦስት ባይት ነው። ቱልኪቱ ሲነሣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው ካላልከው፣ ባይቱን ፊደል መስሎት ይቆጥራል፤ 72ን ለሦስት አካፍሉት። አንድ መስመር ማስተካከያ ነበር። እነሱ ግን ስፋቱን 216 አድርገው «ተፈታ» አሉ። እንግሊዝኛው ደብዳቤ ደግሞ ከወረቀቱ አልፎ ወጣ። አሁን ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ሁለት ሁለት ቴምፕሌት አለን፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል።

የሁሉ ቁንጮ ቀኑ ነው። እዚህ ላይ ፍርድ ላለማጉደል አንድ ነገር ላመን፦ «ዴት» የእኛን ዘመን አያውቅም። ቀንን የሚቀርጸው የሲ ቋንቋ ሰዎች በሠሩት አሮጌ ደንብ ነው፤ ወሩ አሥራ ሁለት ነው፣ አለቀ። አማርኛ ተናገር ብለህ ብታዘው እንኳ በእኛ ሰርቨር ላይ የወጣው «ጃንዩወሪ» ነው። ጥር የት ሄደ? ስለዚህ ከቱልኪቱ ውስጥ የጠፋው ነገር ይኸው አንዱ ነው፤ ልጆቹ የራሳቸውን ፕለጊን ቢሠሩ እጄን የምዘረጋላቸው እዚህ ላይ ነበር።

ምን አደረጉ? ሳሎን ቁጭ ብሎ ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው፣ ስሌቱን ደብዳቤው መሐል ጻፉት። ከዓመቱ ላይ ሰባት ቀንስ፣ ከጃንዩወሪ ወዲህ ከሆነ ስምንት ቀንስ፣ ሴፕቴምበር 11 ከሆነ መስከረም 1 በል። ከዚያ በየቴምፕሌቱ ኮፒ ፔስት። የግብዣው ላይ አለ፣ የደመወዙ ላይ አለ፣ የልምድ ማስረጃው ላይ አለ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከመሐላቸው አንድ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የዋለ ሰው እንዴት ይጠፋል? በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ናት! 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ላይ ሰው ሁሉ ጳጉሜን 6 ብሎ ለበዓል ዶሮ ሲገዛ፣ የእኛ ማተሚያ «መስከረም 1 ቀን 2016» ብሎ ደብዳቤ ያወጣል። የዘመን መለወጫ በቢሯችን ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ ገባ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፈረንጆቹ ፌብሩወሪን 29 አድርገው እስኪያስታርቁን ድረስ፣ እስከ የካቲት ሃያዎቹ፣ ወረቀታችን ሁሉ አንድ ቀን እየቀደመ ኖረ። በገና ሰሞን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጃንዩወሪ 7 ላይ ታኅሣሥ 29 ይላል። «ታዲያ ልክ ነዋ ጋሼ፣ ገና 29 አይደል?» አሉኝ በአንድ ድምፅ። በዘመነ ዮሐንስ ገና 28 ይውላል ብል ማን ይስማኝ? ስልካቸውን አውጥተው ጎግል አደረጉኝ። በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ጎግል ተደረግሁ! ስልኩም 28 አላቸው። «ደስ ሲል» ብለው ወደ ቦታቸው ሄዱ፤ ስሌቱ ግን እንዳለ ነው። 2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ እየመጣ ነው።

ስሌቱን እንኳ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም ነበር እኮ። የግዕዝ ፊደልን ለኮምፒውተር ሲያበጅ የኖረው ዳንኤል ያዕቆብ «ዴት ኢትዮፒክ» የሚባል ሞጁል ሲፓን በሚባለው የፐርል ሞጁሎች ማከማቻ ላይ አስቀምጦልናል። ቱልኪቱ «ሎድ ፐርል» የሚል ማብሪያ አለው፤ ያን ካበራህለት ፕለጊን ያልሆነ የፐርል ሞጁልም ቢሆን በ«ዩዝ» ይጠራል። የለም፣ እኔ በራሴ መንገድ ካልክ ደግሞ ፕለጊን መሥራት ምን ያስፈራል? ከ«ቴምፕሌት ፕለጊን» የሚወርስ አጭር ፋይል፣ «ኒው» የምትል አንዲት ሜተድ፣ ፋይሉን የት እንደሚፈልገው ለቱልኪቱ መንገር፤ ከዚያ ስሌቱ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሲሳሳት አንድ ቦታ ይታረማል። ደብዳቤውም ደብዳቤ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሰኞ ቆሜ ስናገር ያቺ አንገቷን የሚያማት ልጅ ዝም ብላ ስታደምጠኝ ቆየች። ለካ መጽሐፉን ከሞኒተሩ ሥር አውጥታ ስታነበው ሰንብታለች።

«ጋሼ፣ አይቆጡ እንጂ የፕለጊኖቹ ማውጫ ውስጥ ‹ጳጉሜን› የሚል ፋይል አገኘሁ። የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የእኔ ነዋ። እናንተ ሳትቀጠሩ የጻፍኩት ነው። ዘመኑን ያውቃል፣ ወንጌላዊውን ያውቃል፣ ጳጉሜን 6ን ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማውጫውን መክፈት የሰው ልጅ ግዴታ አይደለም?»

«ከፍቼው ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚጠራ አልገባኝም። አንዲት መስመር ማብራሪያ የለውም። ሰነዱ የት ነው ያለው ጋሼ?»

«የምን ሰነድ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የለም እንዴ!»